ከሰልፉ የቀረው ማን ነው?



ቅዱስ ማርቆስ በወንጌሉ ምዕራፍ 6 እንደሚተርክልን፣ ወደ ጌታችን የሚመጣውና የሚሄደው ሕዝብ ከመብዛቱ የተነሣ ሐዋርያት እህል ለመቅመስ እንኳ ጊዜ አጥተው ነበር። ጌታም ጥቂት እንዲያርፉ ወደ ምድረ በዳ ወሰዳቸው፤ ሕዝቡ ግን ቀድሞአቸው ደረሰ። እርሱም ባያቸው ጊዜ ራራላቸው እንጂ አልተቆጣም። በቁምስና የበጎ አድራጎት ቢሮ የሚያገለግል ሰው ይህን ምዕራፍ ሲያነብ የራሱን የሥራ ቀን ያነባል።

እህል በሚታደልበት ዕለት በሩ ሳይከፈት ሰልፉ ከቅጥሩ ውጭ ይደርሳል። አንዱ የቀበሌ ማስረጃ፣ ሌላው የሐኪም ወረቀት ይዞ ተራውን ይጠብቃል። በአንድ ወገን ስንዴ ይሰፈራል፤ በሌላው ስልክ ይጮኻል፤ መዝገቡም ይገለጣል።

ከእነዚህ ቀናት በአንዱ እኔ ራሴ ከመዝገቡ ፊት ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት አሮጊት ቀረቡ። ቀና ብዬ ሳላያቸው፣ «እናቴ፣ ማስረጃው ማኅተም የለውም፤ ነገ ይመለሱ» አልኋቸው። ቃል ሳይመልሱ ሄዱ። ማታ ቢሮውን ዘግተን ስንወጣ ከግንቡ ሥር ተቀምጠው አገኘኋቸው። «አባ፣ እኔስ ድርሻዬን ወስጃለሁ። የመጣሁት ለጎረቤቴ ነው፤ ከአልጋ ከዋለች ሁለት ወር ሆናት፤ ስሟን የሚያስመዘግብላት የላትም» አሉኝ። ያን ዕለት ለብዙዎች እህል ሰጥቻለሁ፤ ለእኒህ እናት ግን ፊት ነሣኋቸው። ወደ በሽተኛዋ ቤት የሄድነው በዚያው ምሽት ነው፤ ማኅተሙ በማግሥቱ ደረሰ።

ይህን ስል መዝገብና ተራ ከንቱ ናቸው ማለቴ አይደለም። በሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 እንደተጻፈው፣ የግሪክ ቋንቋ ተናጋሪ የሆኑት አይሁድ መበለቶቻቸው በዕለታዊው እደላ ቸል በመባላቸው ባጉረመረሙ ጊዜ፣ ሐዋርያት ለዚሁ አገልግሎት ሰባት ሰዎች እንዲመረጡ አደረጉ። እንግዲህ በቤተ ክርስቲያን የእደላ ሥርዓት የተወለደው የተረሳ ሰው እንዳይኖር ነው። መዝገባችን የተረሳውን የሚያስታውስ ካልሆነ የተወለደበትን ምክንያት ስቷል።

ቅዱስ ቪንሰንት ደ ፖልና ቅድስት ሉዊዝ ደ ማሪያክ እ.ኤ.አ. በ1633 የፍቅር ሥራ ልጆች ማኅበርን ሲመሠርቱ እኅቶቹን ወደ ድኆች ቤት ላኳቸው። እ.ኤ.አ. በ1833 በፓሪስ ብፁዕ ፍሬድሪክ ኦዛናምና ጓደኞቹም የጀመሩት የችግረኞችን ደጅ በማንኳኳት ነው። ርዕሰ ሊቃነ ጳጳሳት በነዲክቶስ 16ኛም እ.ኤ.አ. በ2005 ስለ ፍቅር በጻፉት ሐዋርያዊ መልእክት፣ በምግባረ ሠናይ ለሚያገለግል ሰው ሙያ ብቻ እንደማይበቃው፣ ልቡም መታነጽ እንዳለበት አስተምረዋል።

ስለሆነም በቢሮ የምታገለግሉ ሆይ፣ ወረቀቱን ከመቀበላችሁ በፊት ቀና ብላችሁ የሰውየውን ፊት እዩ፤ ስሙንም ጠይቁ። መምህራን ሆይ፣ ልጆቹን ከአልጋ የዋሉትን እንዲጠይቁ ይዛችኋቸው ሂዱ። ምእመናን ሆይ፣ በየሰፈራችሁ ከሰልፉ የቀረው ማን እንደሆነ ንገሩን፤ እናንተ ካልነገራችሁን እኛ አናውቀውምና።

በመጨረሻው ቀን ጌታ የሚጠይቀን በተራቡት፣ በታመሙትና በእንግዶች አምሳል ወደ እኛ መጥቶ እንዴት እንደተቀበልነው ነው። በሥራችን ብዛት መካከል እርሱን የምናይበት ዐይን ይስጠን። አሜን።