ጊዜዋን የምታውቅ ወፍ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን! በዐቢይ ጾም፣ በመጋቢት ማለዳ፣ ከኪዳን ስትወጡ በቤተ ክርስቲያኑ ዐፀድ ጥቂት ቆም በሉ። ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ የምትዘል፣ አረንጓዴና ቢጫ የተቀላቀለባት ደቃቃ ወፍ ታዩ ይሆናል። ክብደቷ 10 ግራም ያህል ነው። የሰሜኑን ብርድ ሸሽታ በአፍሪካ ከርማ፣ አሁን ልትፈለፍል ወደ አውሮፓ ወይም ወደ ሳይቤሪያ ትመለሳለች። እንዲህ ያሉት ወፎች አብዛኛውን ጊዜ በሌሊት ይጓዛሉ፤ ሲነጋ ወርደው ይለቅማሉ። ከፊታቸው በረሃና ባሕር ስላለ ስንቃቸውን በገላቸው ስብ አድርገው ይይዛሉ።

«ዛፉ ጥላ አለው፣ ትንሽ ልቆይ» አይሉም። ዘግይቶ የደረሰ ወፍ ብዙ ጊዜ ጥሩው የጎጆ ቦታ ተይዞ ያገኘዋል።

ነቢዩ ኤርምያስ በምዕራፍ 8 ቁጥር 7 ሕዝቡን የወቀሰው በዚሁ ነው፤ ወፎች ጊዜያቸውን ሲያውቁ ሕዝቡ የእግዚአብሔርን ፍርድ አላወቀም።

እኛስ? ከወንድማችን እንደተኳረፍን ስንት ፋሲካ አለፈ? «ለከርሞ ጾም ንስሐ እገባለሁ» ያልን ስንቶቻችን ነን? ለከርሞ መድረሳችንን ማን ነገረን? ወተትና ሥጋ ትተን ቂምን ግን እየቀለብነው ብንጾም ምን ይረባናል?

ወገኖቼ፣ ያቺ ወፍ ባሕር ትሻገራለች፤ የተቀያየምነው ሰው ግን ምናልባት አጥር ማዶ ነው ያለው። ክንፍ ባይኖረን እግር አለን። ይህችን ጽሑፍ አጥፋችሁ ተነሡ፤ «ይቅር በለኝ» በሉት። ከዚያም ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ።

የመመለሻ ጊዜያችንን የምናውቅበት ልቡና ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።