የጥርኝ ውኃ ሚዛን

ዓለም ባንክ የተባለው የአዲስ አበባ ሰፈር ስሙን ያገኘው ከአበዳሪ ነው። አየር ጤና ላይ ቆሞ «ዓለም ባንክ! ዓለም ባንክ!» እያለ የሚጣራ የታክሲ ረዳት ሰፈር እንጂ ብድር አያስብም፤ ተሳፋሪውም እንዲሁ። እኔ ግን ስለ መዳን በማሰላስልበት ጊዜ ይህ ስም አላስቀምጥ ይለኛል፤ ጥርጣሬዬ የሒሳብ ጥርጣሬ ነውና። መዳን ስጦታ ከሆነ መታዘዝ ለምን ይጠየቅብኛል? መታዘዝ ከተጠየቀብኝስ ስጦታነቱ የቱ ላይ ነው? ስጦታ ተብሎ ተሰጥቶ በየወሩ የሚከፈልበት ነገር ስሙ ብድር ነው። በአገራችን ለዚህ ጥያቄ ሁለት የታወቁ መልሶች አሉ፤ ወንጌላውያኑ «በጸጋ፣ በእምነት ብቻ» ይላሉ፣ ኦርቶዶክሳውያኑ «ሃይማኖት ከምግባር ጋር» ይላሉ። ሁለቱም ጥቅስ አያጡም። ስለዚህ ጥቅስ ከጥቅስ ማላተሙን ትቼ፣ አንዱ ወገን አጥብቆ የሚወደውን፣ ሌላው አጥብቆ የሚነቅፈውን አንድ ታሪክ ልመርምር።

ታሪኩ የበላዔ ሰብእ ነው፤ በተአምረ ማርያም ተጽፎ በየዓመቱ የካቲት 16 በኪዳነ ምሕረት በዓል ይተረካል። ሰውየው 78 ሰዎች በልቷል፤ የገዛ ቤተ ሰቦቹም ከተበሉት ውስጥ ናቸው። በመንገዱ ገላው በለምጽ የቆሰለ ድኻ አገኘ፤ ሊበላው አስቦ ቁስሉን ተጸየፈው። ድኻው ውኃ ለመነው። በእግዚአብሔር ስም ሲለምነው እምቢ አለ፤ በማርያም ስም ሲለምነው ግን ያን ስም ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሯልና ጥርኝ ውኃ ሰጠው። ሲሞት ነፍሱ ለፍርድ ቀረበች፤ በሚዛኑ በአንድ ወገን 78ቱ ነፍሳት፣ በሌላው ወገን ያች ጥርኝ ውኃ ተቀመጡ። ውኃው ቀለለ። እመቤታችን ጥላዋን ስታሳርፍበት ግን ሚዛን ደፋ።

ታሪኩን የሚያወድሰውም የሚያጥላላውም ሰው ዓይኑ ውኃው ላይ ነው። እኔን ያቆመኝ ጥላው ነው። ተራኪው ቢፈልግ ኖሮ ውኃው በራሱ ከብዶ እንዲገኝ ማድረግ ይችል ነበር፤ በጎ ሥራ ዋጋ አለው ለማለት ከዚህ የቀለለ መንገድ የለም። አላደረገውም። ውኃውን አስመዝኖ፣ መቅለሉን አሳይቶ፣ ከዚያ በላዩ ጥላ አሳረፈበት። በሚዛን ላይ ቢያስቀምጡት ምንም የማይመዝን ነገር ቢኖር ደግሞ ጥላ ነው። ምግባርን ያስተምራል የሚባለው ታሪክ፣ ምግባር ለብቻው ሲመዘን ምን ያህል እንደሚቀልል ነው ያሳየኝ።

«ይህማ ኃጢአትን ማደፋፈር ነው» የሚል አይጠፋም፤ 78 ሰው በልቶ በጥርኝ ውኃ ከተዳነ ማን ይታቀባል? ተቃውሞው ከባድ ነው። ነገር ግን አዲስ አይደለም፤ ጳውሎስ ለሮሜ ሰዎች ሲጽፍ በስድስተኛው ምዕራፍ መጀመሪያ ላይ ያነሣው ይህንኑ ነው፤ ጸጋ ይበዛ ዘንድ በኃጢአት እንኑር ወይ የሚለውን። በሥራ ዋጋ ስለ መዳን የሚሰብክን ሰው ማንም በዚህ አይከሰውም። ክሱ የሚነሣው ጸጋ በተሰበከበት ስፍራ ብቻ ነው። በላዔ ሰብእም ጳውሎስም በአንድ ክስ መከሰሳቸው ዝምድናቸውን ይነግረኛል። ስለ አማላጅነት ያለው ሙግት በዚህ አይዘጋም፤ ለጊዜው ግን የያዝሁት የሚዛኑን ነገር ነው።

እንግዲያስ ውኃው ባይሰጥስ ኖሮ? እዚህ ላይ ነው ጥርጣሬዬ የከረረው። ጥላው የሚያርፍበት ነገር አይኖርም ነበር። ታዲያ መታዘዝ ዋጋ ሳይሆን እንዴት የግድ ይሆናል? ወደ አብርሃም ልሂድ፤ ጳውሎስም ያዕቆብም የጠሩት ምስክር እርሱ ነው። ጳውሎስ የጠቀሰው ኦሪት ዘፍጥረት 15ን፣ የከዋክብቱን ሌሊት ነው፤ ያዕቆብ የጠቀሰው ምዕራፍ 22ን፣ ይስሐቅ በመሠዊያው ላይ የተጋደመበትን ቀን። እስማኤል ሲወለድ አብርሃም 86 ዓመቱ ነበር፤ ይስሐቅ ሲወለድ 100። ከከዋክብቱ ሌሊት እስከ ተራራው ቀን ቢያንስ 14 ዓመት፣ በዚያ ላይ አንድ ልጅ እንጨት ለመሸከም እስኪደርስ ያለው ዕድሜ አለ። ጽድቅ የተቆጠረለት አስቀድሞ ነው። ገና በ75 ዓመቱ ከካራን ወጥቶ አልነበረም ወይ ቢሉኝ፣ ወጥቷል፤ ግን ከመውጣቱ በፊት ቃል ሰምቷል።

ሰምቷል ስል ደግሞ አማርኛችን ራሱ ያግዘኛል። እናት «ይህ ልጅ አልሰማ አለኝ» ስትል ጆሮው ደነቆረ ማለቷ አይደለም። በእኛ ቋንቋ ሰምቶ የማያደርግ አልሰማም። በቃላት ጨዋታ ነገረ መለኮት አይረጋም የሚል ካለ እውነቱን ነው፤ ነገር ግን ጳውሎስ በጻፈበት በግሪኩም የመታዘዝ ቃል የተሠራው ከመስማት ቃል ነው፤ የሮሜ መልእክትም እምነትንና መታዘዝን አጣምሮ ይከፍታል፣ አጣምሮ ይዘጋል። እንግዲህ መታዘዝ ለሰማሁት ቃል የምከፍለው ዋጋ መሆኑ ቀርቶ የመስማቴ ፍጻሜ ይሆናል። በላዔ ሰብእ ስሙን ከልጅነቱ ጀምሮ ሲሰማው ኖሮ በእውነት የሰማው ውኃውን ባፈሰሰ ጊዜ ነው።

«በእምነት ብቻ» ያለው ማርቲን ሉተርም በ1534 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ሚካኤል ከተባለ ኢትዮጵያዊ ዲያቆን ጋር በዊተንበርግ ተገናኝቶ የምስክር ደብዳቤ ጽፎለታል። ዲያቆኑ የመጣው ጾምና ሥርዓት ከበዛባት ቤተ ክርስቲያን ነው። ሉተር የሥርዓቱ ልዩነት የቤተ ክርስቲያንን አንድነት እንደማያፈርስ ጻፈ። ዛሬ በሁለቱ ስም የሚከራከሩ ሰዎች ይህን ደብዳቤ ሲያነሡት አልሰማሁም።

መታዘዝ የሚበላሸው ደብተር ሲወጣለት ነው። በማቴዎስ ወንጌል 25 በቀኝ የቆሙት የተራበ ማብላታቸው ሲነገራቸው «መቼ?» ብለው ይጠይቃሉ፤ ሒሳብ አልያዙም። ከዓለም ባንክ ወደ ሜክሲኮ የሚሄድ ሰው በዘነበ ወርቅ ያልፋል፤ በ1958 ዓ.ም. የተቋቋመው አለርት የሥጋ ደዌ ሕሙማንን ሲያክም የኖረው እዚያ ነው። የታሪኩ ድኻ ለዚህ መንገድ ሩቅ አይደለም፤ ስለ ጸጋ የሚከራከሩ ሁለት ተሳፋሪዎች ክርክሩን ሳይጨርሱ ደጁን ያልፉታል።

ለብድሩ ጥያቄ መልስ አገኘሁ፤ ስጦታ ነው፣ መታዘዝም ስጦታውን የመስማት ሌላ ስሙ ነው። ነገር ግን ሚዛኑን ደግሜ ባየሁት ቁጥር ሌላ ጥያቄ ይቀርብልኛል። ለበዳዩ ጥላ አረፈለት፤ ለድኻውም ውኃ ደረሰው። 78ቱ በሚዛኑ ላይ ክብደት ሆነው ይቆጠራሉ እንጂ በታሪኩ ውስጥ አንዳቸውም አይናገሩም።