ከመቁጸሪያው በኋላ



ሚያዝያ 23 ተጀምሮ ግንቦት 23 የሚፈጸመው የማርያም ወር ግንቦት ልደታን በመካከሉ ይዟል። በዚህ ወር በየማታው መቁጸሪያ እንደግማለን፤ ግንቦት 1 ቀን ደግሞ በአስኮም ሆነ በሌሎች መንደሮች ጎረቤት ከጎረቤት በደጅ ተሰብስቦ ንፍሮ ይካፈላል። ታዲያ እመቤታችንን በእውነት የምናከብረው በጸሎቱ ነው ወይስ በመካፈሉ?

ሁለተኛው የቫቲካን ጉባኤ በ1964 (እ.ኤ.አ.) ለማርያም የሚሰጥ እውነተኛ ክብር በአላፊ ስሜት እንደማይቆም፣ ምግባሯንም ወደ መከተል እንደሚያደርስ አስተምሯል። ወንጌላዊው ሉቃስም ከብሥራቱ በኋላ ወደ ተራራማው አገር ፈጥና እንደ ሄደች ይነግረናል። ቃሉን በማኅፀኗ የተቀበለች እናት ኤልሳቤጥን ለመጠየቅ ተነሣች። መንገዱም ጸሎቷን አላስቀረባትም፤ እዚያ ደርሳ እግዚአብሔርን አመሰገነች። እንግዲህ ሁለቱን ለያይተን አንዱን ልንመርጥ አይገባንም።

በአስኮ የእናት ተሬዛ እኅቶች ኤችአይቪ በደማቸው ያለ ወላጅ አልባ ሕፃናትን ተቀብለው አሳድገዋል። መቁጸሪያ የሚይዘው እጃቸው ሕፃን አጥቧል፣ መድኃኒትም አቅርቧል።

እኛስ በዚህ ወር ከመቁጸሪያው በኋላ ወደ ማን ደጅ እንሄዳለን? የታመመ ጎረቤት፣ ጧሪ ያጣች እናት፣ የተቀያየምነው ወንድም ይጠብቁናል። መምህራንም ሕፃናቱን ጸሎቱን ካስጠኑ በኋላ ይህን ጥያቄ ያቅርቡላቸው።

ፈጥና የሄደችው እናታችን እግራችንን ትምራልን። አሜን።