የሕመምተኛ ትዕግሥትና የጎረቤት ዕዳ

(የዮሐንስ ወንጌል ምዕራፍ 5 ከቍጥር 1 እስከ 9)



ቅድስት ቤተ ክርስቲያናችን ከዐቢይ ጾም ሰንበታት አራተኛውን «መጻጉዕ» ብላ ሰይማ በቤተ ሳይዳ መጠመቂያ አጠገብ ሠላሳ ስምንት ዓመት ታሞ የኖረውን ሰው በየዓመቱ ታሳስበናለች። ስለዚህ በሽተኛ አዘውትረን የምንሰብከው ጌታችን በቃሉ ብቻ እንዳስነሣው ነው፤ ይህም መልካም ነው። ነገር ግን ከፈውሱ አስቀድሞ ሰውዬው የሰጠውን መልስ ብንመረምር ለዘመናችን ሕሙማን የሚሆን ታላቅ ትምህርት እናገኝበታለን። ጌታ መዳንን ይፈልግ እንደ ሆነ በጠየቀው ጊዜ በሽተኛው የደዌውን ክብደት አልቈጠረም፤ የተናገረው ውኃው በሚናወጥበት ሰዓት አንሥቶ የሚያወርደው ሰው ማጣቱን ነው። መድኃኒቱ በዓይኑ ፊት ነበር፤ የጎደለው በሰዓቱ የሚደርስ ረዳት ነበር። እንግዲህ የመጻጉዕ መከራ ሁለት ነበር፤ አንደኛው ደዌው፥ ሁለተኛው መዘግየቱ።

ይህን ያነሣንበት ምክንያት የዳሌያቸው መጋጠሚያ በቀዶ ሕክምና ከተለወጠላቸው በኋላ ሌላ ችግር የደረሰባቸውንና ለዚያ ችግር የሚገባው ሕክምና የዘገየባቸውን ወገኖቻችንን በማሰብ ነው። እነዚህ ሰዎች በየደብሩ አሉ፤ ብዙዎቹም በዝምታ ይሠቃያሉ።

የዳሌ መጋጠሚያ የጭን አጥንት ራስ በዳሌ አጥንት ጕድጓድ ውስጥ የሚዞርበት ስፍራ ነው። በዚያ ያለው ልስላሴ ተፍቆ ሲያልቅ፥ ወይም አረጋዊ ሰው ወድቆ የጭኑ አጥንት አንገት ሲሰበር፥ ወይም የአጥንቱ ራስ ደም አጥቶ ሲሞት፥ መቆምና መራመድ ጭንቅ ይሆናል። ሐኪሞችም የተበላሸውን አውጥተው ከብረትና ከፕላስቲክ፥ አንዳንድ ጊዜም ከሸክላ መሰል ጠንካራ ነገር የተሠራ መጋጠሚያ ይተክላሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ቻርንሊ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1962 ዓ.ም. የብረት ራስ በጠንካራ ፕላስቲክ ጽዋ ውስጥ እንዲዞር አድርጎ መትከል ከጀመረ ወዲህ ጥበቡ በዓለም ተስፋፍቶ እጅግ ብዙ ሰዎችን ከሥቃይ አውጥቷል። በአገራችንም የሚሠሩት ሐኪሞች አሉ፤ አንዳንዶችም ወደ ሕንድና ወደ ታይላንድ ተሻግረው ይታከማሉ። ሐኪምን ማክበር እንደሚገባ፥ መድኃኒትንም ከምድር የፈጠረ እግዚአብሔር እንደ ሆነ መጽሐፈ ሲራክ በምዕራፍ 38 ያስተምረናልና ስለዚህ ጥበብ ፈጣሪን እናመሰግናለን።

ይሁን እንጂ የሰው እጅ ሥራ ሁሉ እንደሚሳነው ይህም አልፎ አልፎ ይሳነዋል። የሚሆነውንም ማወቅ ለቤተ ሰብ ሁሉ ይጠቅማልና በአጭሩ እንዘረዝራለን።

1ኛ፤ ቍስሉ ይመረቅዛል። ከሐኪም ቤት ከወጡ በኋላ ቍስሉ ፈሳሽ ቢያወጣ፥ ዙሪያው እየቀላ ቢሄድ፥ ትኵሳት ቢነሣ፥ ሕመሙም በመቀነስ ፈንታ ቢጨምር፥ ይህ ምልክቱ ነው።

2ኛ፤ በእግር ደም ሥር ውስጥ ደም ይረጋል። ባቱ ያብጣል፥ ይታመማል። የረጋው ደም ተነቅሎ ወደ ሳንባ ቢሄድ ትንፋሽ ያሳጥራል፥ ደረት ይወጋል፥ በድንገትም ሊገድል ይችላል።

3ኛ፤ የተተከለው ራስ ከጽዋው ይወልቃል። ያን ጊዜ ጽኑ ሕመም በድንገት ይነሣል፤ እግሩ ያጥራል፥ ይጣመማል፥ ሊቆሙበትም አይቻልም። እንዲህ ያለውን ሰው ወደ ወጌሻ መውሰድ አይገባም፤ ወጌሻ የሚያውቀው የተፈጥሮን አጥንት ነው እንጂ የተተከለውን ብረት አይደለምና።

4ኛ፤ ዓመታት ካለፉ በኋላ ተከላው ይላላል፥ ወይም በዙሪያው ያለው አጥንት ይሰበራል።

ከእነዚህም ውስጥ መዘግየት ምን ያህል እንደሚጐዳ በመመርቀዝ ይታወቃል። ሕመምተኛው ፈጥኖ ቢደርስ ሐኪሞች ቍስሉን ከፍተው፥ አጥበው፥ መድኃኒት ሰጥተው ተከላውን ሊያድኑት ይችላሉ። ሳምንታት ካለፉ ግን ተሐዋስያኑ በብረቱ ላይ መድኃኒት የማይበሳው ሽፋን ይሠሩና ብዙውን ጊዜ ተከላውን ነቅሎ ማውጣት፥ ከብዙ ጊዜ ሕክምና በኋላም እንደ ገና መትከል ግድ ይሆናል። በሳምንት የሚያልፈው መከራ ለዓመት የሚሆነው እንዲህ ነው።

በምናገለግልበት ደብር ከሚያስቀድሱት እናቶች አንዲቱ ይህ ደረሰባቸው። ዳሌያቸው ከተሠራ በሦስተኛው ሳምንት ቍስሉ ውኃ ማውጣት ጀመረ፥ ሌሊት ሌሊትም ያንቀጠቅጣቸው ነበር። ጊዜው ጾመ ፍልሰታ ነበርና ለማንም ሳይናገሩ ጾሙን ፈጸሙ። ልጆቻቸው ባወቁ ጊዜ ወደ ታከሙበት ስፍራ ቢወስዷቸው የሠራቸው ሐኪም እንደሌለና ቀጠሮአቸው ገና እንደ ሆነ ተነግሯቸው ተመለሱ። በሁለተኛው ጊዜም የሕክምና መዝገባቸው ጠፋ ተባለ። እንዲህ ሲባል አምስት ሳምንት አለፈና በመጨረሻ ሲከፈት መግሉ ብረቱ ድረስ ገብቶ ተገኘ። ተከላው ወጣ፤ ሁለተኛው እስኪተከል ድረስም ወራት በአልጋና በምርኵዝ አለፉ። ስለ ምን አስቀድመው እንዳልተናገሩ በጠየቅናቸው ጊዜ «አባቶቼ፥ ልጆቼ ደክመውልኛል፤ ደግሞ አላስቸግራቸው ብዬ ነው። ሕመምን መቻል ለኀጢአት ማስተሰረያ ይሆነኛል ብዬም አሰብሁ» ብለው መለሱልን።

እኒህ እናት በቅን ልብ የተናገሩት ነገር በብዙ ምእመናን ልብ ያለ ስለ ሆነ መልስ ሊሰጥበት ይገባል። ትዕግሥት ክርስቲያናዊ ምግባር መሆኑ እውነት ነው። ነገር ግን ትዕግሥትና ዝምታ አንድ አይደሉም። ትዕግሥት ሊለወጥ የማይቻለውን መከራ ከእግዚአብሔር ጋር ሆኖ መሸከም ነው፤ ሊድን የሚችለውን ቍስል መደበቅ ግን የተሰጠንን አካል አለመጠበቅ ነው። ጻድቁ ኢዮብ ታጋሽ ተብሎ የተመሰገነ ሲሆን ሕመሙን አልሸሸገም፤ በወዳጆቹም በአምላኩም ፊት ጮኸ። በኢያሪኮ መንገድ ዳር ይለምን የነበረው ዕውር በርጤሜዎስም ብዙዎች ዝም እንዲል ሲገሥጹት ጩኸቱን አበዛ (ማር. 10፥46–52)፤ ጌታም የሰማው የጮኸውን ነው፥ ዝም በል ያሉትን አይደለም። ስለዚህ ምልክቱን አይቶ ያለ ቀጠሮው ወደ ሐኪም የሚሄድ ሕመምተኛ፥ ቢመልሱትም ሁለተኛና ሦስተኛ ጊዜ በትሕትና ደጅ የሚጠና፥ ወደ ሌላ ሐኪም ቤትም የሚያልፍ፥ ከትዕግሥት አልወጣም፤ ይህ ራሱ የትዕግሥት ሥራ ነው።

«ጻድቁ አባታችን ተክለ ሃይማኖት በጸሎት ብዛት እግራቸው ተሰብሮ በአንድ እግራቸው ቆመው ጸልየው የለምን? እኛስ ለምን ሐኪም እንሻለን?» የሚል ቢኖር፥ ገድላቸው እንደሚነግረን ያ ለጻድቁ በጸጋ የተሰጠ ተጋድሎ ነው እንጂ ለሕሙማን ሁሉ የተሠራ ሕግ አይደለም እንለዋለን። ቤተ ክርስቲያን ለደካማው የምታዝን እናት ናት። ፍትሐ ነገሥታችን ሕመምተኛን ከጾም ግዴታ ነፃ ያደርገዋል። በአዲስ መጋጠሚያ የሚሄድ ሰውም ሐኪሙ ጐንበስ ማለትን በከለከለው ወራት ስግደቱን በልቡና ራሱን ዝቅ በማድረግ ይፈጽም፤ በቅዳሴም ጊዜ በመቋሚያ ይደገፍ ወይም ከፍ ባለ ወንበር ይቀመጥ። በበርጩማ መቀመጥና በጕድጓድ መጸዳጃ መቈናጠጥ በመጀመሪያዎቹ ወራት መጋጠሚያውን ሊያወልቅ ይችላልና ልጆች ከፍ ያለ መቀመጫ ያዘጋጁ። ይህን ሁሉ የንስሓ አባት ሊያውቀውና ሊፈቅደው ይገባል።

ስለ ጠበልም እንዲሁ ነው። በጠበል መዳንን እናምናለን። ነገር ግን ያልደረቀ የቀዶ ሕክምና ቍስልን ሐኪም ሳያውቅ ማርጠብ፥ ደም እንዳይረጋ የተሰጠውንም መድኃኒት በጠበል ስም ማቋረጥ ሃይማኖት አይደለም። ነቢዩ ኢሳይያስ ለንጉሥ ሕዝቅያስ የእግዚአብሔርን ቃል ካመጣለት በኋላ የበለስ ጥፍጥፍ በቍስሉ ላይ እንዲደረግ አዟል (ኢሳ. 38፥21)፤ ጸሎቱ መድኃኒቱን አልከለከለውም። ብፁዕ ወቅዱስ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስም በ1999 ዓ.ም. የኤድስ ሕሙማን ጠበሉንና መድኃኒቱን አንድነት ሊወስዱ እንደሚችሉ፥ ሁለቱም የእግዚአብሔር ስጦታዎች እንደ ሆኑ አስተምረዋል። ለዚያ ደዌ የተባለው ለዚህም ይሠራል።

እስከዚህ የተናገርነው ለሕመምተኛው ነው። አሁን ግን ወደ ጎረቤቱ እንመለስ፤ ዕዳው የሚከብደው በእርሱ ላይ ነውና።

በቅፍርናሆም አንድ ሽባ ነበር። አራት ሰዎች ተሸክመው ወደ ጌታ ባመጡት ጊዜ ከሕዝቡ ብዛት የተነሣ በሩ ተዘጋባቸው። እነርሱ ግን ነገ እንመለሳለን አላሉም፤ ጣራውን ነድለው አወረዱት፤ ወንጌሉም ጌታ የእነርሱን እምነት እንዳየ ይመሰክራል (ማር. 2፥1–5)። መጻጉዕ ያጣው እነዚህን አራቱን ነው። እኛስ በየሰፈራችን እድር አለን፥ ጽዋ ማኅበር አለን፥ ሰንበቴ አለን። ሰው በሞተ ጊዜ ድንኳን ይተከላል፥ ንፍሮ ይቀቀላል፥ አስከሬኑን የሚሸከም አይታጣም። ያው ሰው በሕይወት ሳለ ቍስሉ መርቅዞ ወደ ሐኪም የሚያደርሰው አጥቶ በአልጋ ላይ ሲቀር ግን አራት ሰው አይገኝም። ለቀብር አምስት መቶ ሆነን የምንወጣ ሰዎች ለሕክምና አራት ሆነን መውጣት ካቃተን፥ ፍቅራችን ለሙታን እንጂ ለሕያዋን አይደለም ማለት ነው። በመጨረሻው ቀን የምንጠየቀው ታሞ ስለ ጠየቅነውና ስላልጠየቅነው ወንድም መሆኑን በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ተነግሮናል።

ደጉ ሳምራዊም የወደቀውን ቍስለኛ ዘይትና ወይን አፍስሶ፥ ቍስሉን አስሮ፥ በአህያው ጭኖ ወደ እንግዶች ማደሪያ ካደረሰው በኋላ ሥራዬን ፈጸምሁ ብሎ አልሄደም። ለጠባቂው ሁለት ዲናር ከፈለ፥ የሚጎድለውንም ሲመለስ ሊሞላ ቃል ገባ (ሉቃ. 10፥33–35)። የምሕረት ሁለተኛው ክፍል ይህ መመለስ ነው። ለቀዶ ሕክምናው ገንዘብ ያዋጣ ማኅበር ከሕክምናው በኋላ ያለውን ስድስት ወርም ይቍጠር። አንዱ በየሳምንቱ ሄዶ ቍስሉን ይጠይቅ፤ አንዱ መኪና ይፈልግ፤ አንዱ ከሐኪም ቤት ጸሐፊ ጋር ይነጋገር፤ አንዱ የተነሣውን ራጅና ምን ዓይነት መጋጠሚያ እንደ ተተከለ የሚገልጸውን ወረቀት በአንድ ቦታ ይጠብቅ። በውጭ አገር የታከመ ሰው ይህ ወረቀት ከሌለው ሁለተኛው ሐኪም ሥራው እንደሚከብድበት ማወቅ ያስፈልጋል።

በሐኪም ቤት የምትሠሩ ልጆቻችንም ሆይ፥ ሥራችሁ እንደሚበዛ እናውቃለን፤ ችግር ሁሉ ከሐኪም ጥፋት እንደማይመጣም እናውቃለን። ነገር ግን ካህኑና ሌዋዊው ቍስለኛውን አልደበደቡትም፤ ጥፋታቸው አይተው ማለፋቸው ብቻ ነበር። በበር የቆመ ዘበኛ፥ ቀጠሮ የሚጽፍ ጸሐፊ፥ ትኵሳት የያዘውን የቀዶ ሕክምና በሽተኛ «በቀጠሮህ ና» ብሎ ሲመልስ ያንኑ መንገድ መከተሉ ነው። ቅዱስ ባስልዮስ በአራተኛው መቶ ዓመት በቂሣርያ ከተማ አጠገብ የሕሙማን ማረፊያ ያሠራው በሽተኛው ከደጅ እንዳይቀር ነው። በቸልታ የተጐዳ ሰውም በሕግ አግባብ ቢጠይቅ ይቅር አላለም አይባልም፤ ከእርሱ በኋላ የሚመጣው እንዳይጐዳ ይረዳልና።

በመጨረሻም ሁሉ ተደርጎላቸው እግራቸው እንደ ቀድሞው ያልተመለሰ፥ አንዱ ከሌላው ያጠረባቸው፥ እያነከሱ የቀሩ ወንድሞችና እኅቶች አሉ። ለእነርሱ አባታችንን ያዕቆብን እናሳያቸዋለን። በያቦቅ መሻገሪያ ሌሊቱን ሲታገል የጭኑ ሹልዳ ተነካ፤ ሲነጋም በረከትን ተቀብሎ ነገር ግን እያነከሰ ተሻገረ (ዘፍ. 32)። ማንከሱ በረከቱን አልሻረበትም፤ እያነከሰም ወንድሙን ዔሳውን ሊታረቅ ሄደ። በሞቱም ጊዜ በበትሩ ጫፍ ተደግፎ እንደ ሰገደ ወደ ዕብራውያን በተጻፈው መልእክት ምዕራፍ 11 ተመዝግቧል። እናንተም በመቋሚያችሁ ተደግፋችሁ በመቅደሱ ስትቆሙ ከማንም አታንሱም፤ ሊለወጥ የማይቻለውን የምትሸከሙበት እውነተኛው ትዕግሥት ያ ነውና።

እንግዲህ ወገኖች ሆይ፥ ዛሬ ይህን ያነበበ ሁሉ በሰፈሩ ዳሌውን የታከመ ሰው እንዳለ ያስብና ወደ ቤቱ ገብቶ «ትኵሳት አለዎትን? ቍስሉስ ደርቋልን?» ብሎ ይጠይቅ። ምናልባት ውኃው በተናወጠበት ሰዓት የሚደርሰው ሰው እርሱ ይሆናል። የሕሙማን ፈዋሽ መድኃኔ ዓለም በአልጋ ላሉት ምሕረትን፥ ለሐኪሞቻቸው ጥበብን፥ ለእኛም የሚፈጥን እግርን ይስጠን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ አሜን።