ወታደሩ የሚጠብቀው ዓሣ

ኡጋንዳ ውስጥ ንቲንዳ ገበያ ዓሣ ሊገዛ የገባ ሰው የቪክቶሪያ ሀይቅን የአሥርተ ዓመታት ታሪክ በመደብ ላይ ተደርድሮ ያገኘዋል። ደቃቁ ደረቅ ሙኬኔ እየተሰፈረ ይሸጣል። ከጎኑ ቲላፒያ አለ። ኡጋንዳውያን ምፑታ የሚሉት ግዙፉ የናይል ፐርች ደግሞ ሥጋው ለውጭ ገበያ ተነስቶለት ጭንቅላቱና አጽሙ ብቻ ለአገሬው የሚቀርብበት ጊዜ ብዙ ነው። የቡጋንዳ ሰዎች ለመንታ ልጆች ሥርዓት የሚፈልጓት ትንሿ እንኬጄ ግን እንደ ቀድሞው እንደ ልብ አትገኝም።

እ.ኤ.አ. በ2017 የኡጋንዳ ጦር ሀይቁ ላይ ተሰማራ። ከ28 ጫማ ያጠረ ጀልባ፣ ዓይኑ የጠበበ መረብ፣ ከ50 ሴንቲ ሜትር ያነሰ ምፑታ ወረሰ፤ ጀልባና መረብ አቃጠለ። ደጋፊዎቹ ዓሣው ሊያልቅ ነበር ይላሉ። ተቃዋሚዎቹ የድሃ እንጀራ በእሳት ጋየ ይላሉ። ሁለቱም ወገኖች ግን ጦሩ የተሰማራው ተፈጥሮን ሊጠብቅ መሆኑን እንደ ታወቀ ነገር ይዘው ነው የሚከራከሩት። መጠየቅ የሚገባው ይኸው ነው።

ምፑታ የሀይቁ ተወላጅ አይደለምና። እንግሊዛዊው ማይክል ግራሃም በ1927 እና 1928 ሀይቁን አጥንቶ፣ ትልቅ አዳኝ ዓሣ ከሌላ ውኃ ማምጣት ከባድ አደጋ እንዳለው አስጠንቅቆ ነበር። ማስጠንቀቂያው አልተሰማም፤ በ1950ዎቹና በ1960ዎቹ መጀመሪያ ምፑታ ሀይቁ ውስጥ ተለቀቀ። ያኔ ከሀይቁ ዓሣ በክብደት አብዛኛው እንኬጄና ዘመዶቿ ነበሩ። ዝርያቸው 500 ይደርሳል፤ አንዱ ዋቅላሚ፣ ሌላው ቀንድ አውጣ፣ ሌላው ነፍሳት፣ ሌላውም የጎረቤቱን ቅርፊት ሳይቀር ይበላል። በ1980ዎቹ ምፑታ በድንገት ሲበዛ ወደ 200 የሚጠጉ ዝርያዎች እንደ ጠፉ ይገመታል። በ1990ዎቹ ደግሞ ምፑታ ራሱ በብዛት ሲሰገር፣ ከተረፉት የእንኬጄ ዝርያዎች አንዳንዶቹ ተመልሰው በዙ።

እንግዲህ የዓሣ ክምችት መጠበቅና የምግብ ድርን፣ ማለትም የበይና የተበይን ትስስር፣ መጠበቅ ሁለት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። አንዱ ሌላውን ሊጎዳም ይችላል። ለጋ ምፑታ ያወጣው ሕገ ወጥ አስጋሪ በነባሩ ድር ዓይን ሲታይ ከአዳኙ አፎች አንዱን ቀንሷል። ይህ ለአስጋሪው ጥብቅና አይሆንም፤ ያው ጠባብ መረብ እንኬጄንም ጠራርጎ ያወጣልና። ሕጉ ግን ይህን አይመዝንም።

ባሕሩም ላይ ነገሩ እንዲሁ ነው። ካናዳ በ1992 በኒውፋውንድላንድ ኮድ የተባለውን ዓሣ ማስገር ስትከለክል ክምችቱ ተንኮታኩቶ ነበር። ኮዱ ይበላቸው የነበሩት ሽሪምፕና ሸርጣን ግን በዙ፤ ከኮዱ የሚበልጥ ገንዘብም አስገኙ። በነጋዴው መዝገብ ባሕሩ ምንም አልጎደለበትም።

እዚህ ላይ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል። «ነባሩ» የሚባለው የትኛው ሀይቅ ነው? የደለል ጥናት እንደሚያሳየው ቪክቶሪያ ከ15 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ደርቆ ነበር፤ የእንኬጄ ዝርያዎች እዚያ የበዙት ውኃው ከተመለሰ ወዲህ ነው። ግራሃም የተላከበት ምክንያትም ፋብሪካ ሠራሽ መረብ ንጌጌ የተባለውን ነባር ቲላፒያ አመናምኖት ስለነበር ነው። ታዲያ 1950ን መመዘኛ አድርጎ የሾመው ማን ነው?

ፍጥነቱ ነው ልዩነቱ፤ በሺህ ዓመታት የተሠራው በአንድ አሥርተ ዓመት ፈረሰ የሚል መልስ ይሰጣል። ግን እሳተ ገሞራም ፈጣን ነው፤ ማንም በደለ አይለውም። አምስት መቶ አፎች የተካፈሉትን ማዕድ ለጥቂቶች ማስረከብ ሀይቁን ተሰባሪ አደረገው ቢባልስ? ይህ ይሻላል፤ ይሁንና የገዛ ጫጩቶቹን የሚበላው ምፑታ፣ ሙኬኔና ሽሪምፕ ያሉበት ቀጭን ድር አሥርተ ዓመታትን ተሻግሯል። ሙኬኔም ዛሬ የብዙ ድሃ ቤት ወጥ ነው። የሰው እጅ ነው ያበላሸው የሚለው ሦስተኛ መልስ ከሁሉ የበለጠ እውነት አለው፤ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶ ነበርና። እሱም ቢሆን የትናንቱን ጥፋተኛ እንጂ የነገን ሥራ አይነግርም።

ይባስ ብሎ በ1997 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ ውኃው ሲደፈርስ ሴቶቹ እንኬጄዎች የወንዶቹን ቀለም መለየት ያቅታቸዋል፤ ዝርያና ዝርያ ይቀላቀላል። ምፑታ ነገ ቢያልቅ እንኳ ከእርሻና ከከተማ የሚወርደው ቆሻሻ እስካልቆመ ድረስ የተበተነው አይሰበሰብም። ስለዚህ «ወደ ነበረበት ይመለስ» የሚለው ክርክር እዚህ ሀይቅ ላይ አይጸናም።

የሚጸናው ከዚያ ያነሰ ነው። ጦሩ የጠበቀው በዋናነት የፋብሪካና የውጭ ንግድ ገቢ ነው። ገቢ መጠበቅ ነውር የለበትም፤ ብዙ ሰው ይቀጥራል። ግን የአንድ አስጋሪ ጀልባ ሲቃጠል ኪሳራው በሚዛን መቀመጥ ያለበት ከዚያ ገቢ ጋር ነው። ሀይቁን እንዳዳነ ተቆጥሮ ጉዳቱ ዝም መባል የለበትም።

ጣና ሀይቅ ላይ ነገሩ ገና አልመሸም። ናይል ፐርች አልገባበትም፤ በሌላ ሀይቅ የማይገኙት የባርበስ ዓሣ ዝርያዎቹም ዛሬ አሉ። ግን በ1986 የሞተር ጀልባ ማስገር ከተጀመረ በኋላ በ1990ዎቹ እጅግ ተመናምነዋል፤ ብዙዎቹ በክረምት ለመራባት እንደ ጉማራ ወዳሉ ወንዞች ሲወጡ በወንዙ አፍ መረብ ይጠብቃቸዋል። እዚያ የትኛው ሀይቅ ይጠበቅ የሚለው አያከራክርም። የሚያከራክረው ዓሣው እንዲራባ የወንዙ አፍ ለማስገር በሚዘጋባቸው ሳምንታት አስጋሪው ቤተሰቡን በምን እንደሚያበላ ነው፤ ክልከላውን የሚያወጣው አካል ይህንንም አብሮ መመለስ ይኖርበታል።