«የለም» ሲልሽ የቱ እንደሌለ ጠይቂ

ልጄ፣ ትናንት ማታ ከኮምፒውተሩ ጋር ስትጣዪ ሰምቼሻለሁ። እኔም ባንቺ ዕድሜ ከአንድ መስመር የስሕተት መልእክት ጋር ተፋጥጬ አድሬያለሁና ላውጋሽ።

በዊንዶውስ ላፕቶፕ የጻፍኩትን የባሽ ስክሪፕት ሊኑክስ ሰርቨር ላይ ጫንኩት። ሳስነሳው «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» አለኝ። ፋይሉ ግን ዓይኔ እያየው እዚያው ተቀምጧል! ስሙን ቀየርኩ፣ ፈቃዱን አስተካከልኩ፣ እንደገና ጫንኩ፤ መልሱ ያው። ሊነጋጋ ሲል የካትን ትዕዛዝ ከትልቁ ኤ ጋር ብሰጠው በየመስመሩ ጫፍ የተደበቀ ምልክት ብቅ አለ። ዊንዶውስ መስመር ሲጨርስ ሁለት ምልክት ያኖራል፤ ቁጥር 13 እና ቁጥር 10። ሊኑክስ የመስመር መጨረሻ የሚለው 10ን ብቻ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው መስመር ባሽን ሲጠራ፣ ሊኑክስ ያችን 13 የስሙ አካል አድርጎ ቆጠራት፤ በዚያ ስም የሚጠራ ፕሮግራም ደግሞ በእርግጥም አልነበረም። መልእክቱ አልዋሸኝም፤ የቱ እንደጠፋ አልጠየቅኩትም እንጂ። ከዚያ ወዲህ ጊት የስክሪፕቶቼን መስመሮች በ10 ብቻ እንዲጨርስ አዝዤዋለሁ።

ከዚህ የባሰው ጥፋቴ ግን መልእክቱን ዝም ማሰኘቴ ነው። በአንድ መሥሪያ ቤት ሳለሁ የሠራተኞችን ስም ወደ ፋይል የሚያወጣ የፓይተን ስክሪፕት ነበረኝ። ሊኑክስ ላይ ሸጋ ነው፤ ዊንዶውስ ላይ ግን የአማርኛ ስም ሲደርስ «ቻርማፕ» እያለ ይወድቃል። ስክሪኑ ላይ ስሙ ጥርት ብሎ ስለሚታይ ነገሩ ግራ ያጋባል። ለካስ ፋይል ሲከፈት ኢንኮዲንጉን ስላልነገርኩት የሲስተሙን አሮጌ ኮድ ፔጅ ይወስድ ኖሯል፤ እዚያ ውስጥ ፊደላችን ቦታ የለውም። መድኃኒቱ «ዩቲኤፍ-8» ብሎ መጻፍ ብቻ ነበር። እኔ ቸኩዬ ማንኛውንም ኤክሴፕሽን ይዞ በዝምታ የሚያሳልፍ መስመር ጨመርኩ። ስክሪፕቱ «ተጠናቋል» አለ። ወር ሲደርስ ስማቸው በአማርኛ የተጻፈ ሁሉ ከዝርዝሩ ቀርተው ተገኙ። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይባላል፤ እኔ ደብቄው የታመሙት እነርሱ ነበሩ።

ስለዚህ የምታውቂውን ኤክሴፕሽን ብቻ በስሙ ያዢ። የቀረው ይውደቅ፤ ጮኾ የወደቀ ስክሪፕት ይነሳል። የያዝሽውን መልሰሽ ስትወረውሪም የራስሽን ቃል ጨምሪበት፦ የትኛው ፋይል፣ ስንተኛው መስመር፣ የትኛው ማሽን። «ሬይዝ» ላይ «ፍሮም» ብትጨምሪ የመጀመሪያው ስሕተት ከአዲሱ ጋር ተያይዞ ይታያል። ደግሞም አንዱ ሲስተም የሚፈቅደውን ሌላው ይከለክላል፤ በሌላ ፕሮግራም የተከፈተን ፋይል ሊኑክስ ሲሰርዝ ዊንዶውስ አብዛኛውን ጊዜ እምቢ ይላል። በሁለቱም ላይ ሳታስኬጂው አለቀ አትበይ።

በይ አሁን የትናንቱን ክፈቺውና አብረን እናንብበው። ፓይተን ዋናውን ነገር የሚናገረው መጨረሻ ላይ ነው፤ ከታች እንጀምር።