ርኅራኄን ስለ መማር

አገልግሎት ሁሉ ርኅራኄን ይወልዳልን? ተማሪን ወደ ድኻ ቤት መስደድ ልቡን ያራራዋል ብለው የሚያምኑ ብዙዎች ናቸው፤ ነገሩ ግን ሊመረመር ይገባዋል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1953 የወባ ወረርሽኝ በደምቢያ ተነሥቶ በሺህ የሚቈጠር ሕዝብ አለቀ። በሚከተለው ዓመት በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተቋቋመ። ተማሪዎቹም፥ የጤና መኮንኑና ነርሷ፥ የአካባቢ ንጽሕና ባለሙያውም፥ በአንድ ቡድን ሆነው ወደ ቆላ ድባና ወደ ሌሎች ጤና ጣቢያዎች እየሄዱ በገበሬው መካከል እንዲማሩ ተደረገ። በ1964 ደግሞ በአዲስ አበባ የነበረው የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹን ለአንድ ዓመት አገልግሎት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ጀመር፤ የሚበዙትም አስተማሪዎች ሆኑ። ይህ ሁሉ መልካም ሥራ ነው።

ዳሩ ግን የሚሰጥ እጅ ሁልጊዜ ከላይ ነው፤ ከላይ ያለም ወደ ታች ማየትን በቶሎ ይለምዳል።

የቆሎ ተማሪ በሌላ መንገድ ሄደ። ለምዱን ለብሶ፥ አኩፋዳውን አንግቶ፥ ውሻውን በዱላ እየተከላከለ «በእንተ ስማ ለማርያም» ሲል፥ ገበሬው ከልጆቹ አፍ ቀንሶ ቁራሽ ይሰጠው ነበር። እንግዲህ የድኻን ቤት ያወቀው በመቀበል ነው፤ ዓመቱ ሲከፋ አኩፋዳውም ይጎድላልና፥ የገበሬው ረኃብ የእርሱም ረኃብ ሆነ።

«ለምኖ የተማረ ሁሉ ርኅሩኅ ሆነን?» የሚል ቢኖር፥ አልሆነም፤ ወንበር ሲዘረጋ ቁራሹን የረሳ መምህር ታይቷልና። ረኃብ ብቻውን ልብን አያራራም፤ የሚያራራው ባለዕዳነትን ማወቅ ነው። ጌታችን የደቀ መዛሙርቱን እግር ሲያጥብ ጴጥሮስ መታጠብን እምቢ አለ፤ መቀበልም ታላቅ ትሕትናን ይፈልጋልና።

ስለዚህ ከጎንደር ወደ ዳባት ደጋ የሚወጣ የኮሌጅ ተማሪ «እጃችሁን ታጠቡ» ብሎ ከማስተማሩ አስቀድሞ፥ የሴት ሥራ ነው ሳይል፥ ከባለቤቲቱ ጋር ወደ ምንጭ ይውረድ፤ እንስራውንም አዝሎ ዐቀበቱን ይውጣ። ያን ጊዜ ውኃ ለምን እንደሚቈጠብ ከእርሷ ይማራል፤ ምክሩም በዚያው ይታረማል። ጥናቱን በፈጸመ ጊዜ ደግሞ ተመልሶ ያገኘውን ለቤተ ሰቡ ይንገር፤ አለዚያ ድኻው ተነቦ እንደሚታጠፍ መጽሐፍ ሆኖ ይቀራል።

አገልግሎት ሰሙ ነው፤ ርኅራኄ ወርቁ ነው። ለሰሙ መምህራን ነጥብ ይስጡ፤ ለወርቁ ግን የሚመሰክረው ያ ቤት ነው። ተማሪው ሁለተኛ በመጣ ጊዜ እንዴት እንደሚቀበሉት ይታይ።